አሥራ ዘጠኝ ቀን በአሥራ አራት

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ተመን» ነው የሚላት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ድልድዩ አጠገብ ያለው ባንክ ውስጥ የምንዛሪ ተመን ስትጽፍ ኖራለች። ሥራዋ ሲወራ ቀላል ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይደወላል፣ አንድ የማዶ ገንዘብ ዛሬ በስንት የኛ እንደሚመነዘር ይነገራታል፣ እሷ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። ከዚያ ትልቁን መዝገብ ትከፍትና ያንኑ ቁጥር በቀለም ጽፋ «ትክክል ነው» ብላ ትፈርምበታለች። በቃ ይኸው ነው።

ማዶ የምንለው ከወንዙ ወዲያ ያለውን አገር ነው። የነሱም ገንዘብ የኛም ገንዘብ ትናንሽ ናቸው። ከወንዙ ትንሽ ራቅ ካሉ ማንም አይቀበላቸውም። ጨው እንደሚበዳደሩ ሁለት ድሆች እርስ በርስ ብቻ ነው የሚፈላለጉት። ትልልቆቹ ገንዘቦች በሬዲዮ ይነገራሉ፣ የነዚህን ግን ከአክስቴ ሰሌዳ በቀር የሚናገርላቸው የለም። ሰው ገበያ ሲሄድ በባንኩ በር በኩል ዞሮ ቁጥሯን አይቶ ነው የሚያልፈው።

እሷም ዘመን የምትቆጥረው በተመን ነው። እናቴ ያገባችው በዘጠኝ ነው፣ እኔ የተወለድኩት በአሥራ አንድ ከሩብ ነው። አባቴ ጥሎን ወደ ማዶ የሄደው ደግሞ በአሥራ ሦስት ነው። «ሞኝ አይደለም፣ ሲወደድ ጠብቆ ነው የሄደው» ትልና እናቴን ታስቃታለች።

ገንዘቡን ራሱን ግን ትጸየፈዋለች። ከብብት የወጣ፣ ከካልሲ የወጣ፣ የዓሣ ቅርፊት የተጣበቀበት፣ ሕፃን ያኘከው ወረቀት ሁሉ በሷ መስኮት ያልፍ ነበር። ገንዘብ ያዡ ጣቱን እየላሰ ይቆጥራል፣ ልሶ ይቆጥራል፣ መልሶ ይልሳል። በዚያው ጣቱ ዳቦ ሲቆርስ ታየዋለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መሥራት ለመደች።

ከሁሉ የባሰ የሚያቅለሸልሻት ግን ሥራ አስኪያጁ ነበር። ሰው ከኋላው ጋሼ ሽቶ ይለዋል። ሽቶ የሚርከፈከፈው እንደ ውሃ ነው፤ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ ወንበሩ ይሸታል። ከሽቶው ሥር ደግሞ ላቡ አለ፣ የሁለቱ ድብልቅ ነው የሚያጥወለውለው። ሲያናግራት ትከሻዋን ይዞ ነው። «የኔ እመቤት» ይላታል፣ እጁን ግን አያነሳም። አክስቴ ስለሱ ስታወራ አሁንም ትከሻዋን በእጇ ጠረግ ታደርጋለች፣ የምታደርገውን የምታውቀው አይመስለኝም።

እናቴ የአክስቴ ታናሽ ናት። ማዶ ባለው የክር ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ከኛ ወገን ስልሳ ሦስት ሰው ጠዋት ጠዋት ድልድዩን ተሻግሮ ሄዶ እዚያ ይሠራል፣ ማታ ይመለሳል፣ ደሞዙ በማዶ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ የሚመነዘረው በአክስቴ ባንክ ብቻ ነው። ውጭ ሲመነዝር የተያዘ ሰው ይታሰራል።

አንድ ዓመት ዝናቡ ከመጠን አልፎ ወንዙ ሞላ። የስልክ ምሰሶዎቹን ጠራርጎ ወሰዳቸው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘን መስመር ተቆረጠ። የተረፈችው በድልድዩ ላይ የተዘረጋችው አጭር መስመር ብቻ ናት፣ እሷም የምታገናኘው ከማዶው ባንክ ጋር ነው። እዚያ እንደ አክስቴ ተመን የሚጽፍ ሰው አለ። አይታው አታውቅም፣ ድምፁ ግን ወፍራም ሆኖ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ይመስላል። እሷ ወንድሜ ትለዋለች፣ እሱ እህቴ ይላታል።

ጋሼ ሽቶ ያን ጠዋት ከማዶው ጠይቂ አላት። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቃት። መስመራችን መቆረጡን እንዳትነግሪው፣ እነዚህ ሰዎች ሲንቁን ነው የኖሩት፣ ዛሬ ደግሞ ስልክ እንኳ የላቸውም ብለው እንዲስቁብን አልፈልግም አላት። ስለዚህ አክስቴ በዘዴ ጠየቀች። እናንተ ጋ ዛሬ እንዴት ነው አለችው። እሱም እናንተ ጋስ አላት። ትናንት አሥራ አራት ነበር አለች። እኛም ጋ አሥራ አራት ነው አላት። ጽፋ ፈረመች።

በማግስቱም እንደዚያው። አሥራ አራት አለች፣ አሥራ አራት አላት።

በስድስተኛው ቀን ከላይ አገር በጭነት መኪና የመጡ ነጋዴዎች የኛ ገንዘብ ወድቋል፣ አንድ የማዶ ሃያ ሁለት ገብቷል እያሉ ማውራት ጀመሩ። ሰሌዳዋን አይተው የሚስቁ ሰዎች ነበሩ። አክስቴ ሄዳ ለጋሼ ሽቶ ነገረችው። ስልኩ ምን አለ አላት። አሥራ አራት ነው ያለው አለች። «እንግዲያው አሥራ አራት ነው። አንቺ የነጋዴ ወሬ ነው ወይስ የባንክ ስልክ የምትጽፊው?» አላትና ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ሽቶ ፖስታ ይዞ ወደ መስኮቱ መምጣት አበዛ። የሚስቱን ወንድም ስም እያስጻፈ፣ ሠራተኞቹ ያመጡትን የማዶ ገንዘብ በአሥራ አራት ሒሳብ ይገዛል። የሚስቱ ወንድም ነጋዴ ነው፣ መኪና አለው፣ ወደ ላይ አገር ወስዶ በሃያ ሁለት ይሸጠዋል። ገንዘብ ያዡ እየላሰ ይቆጥርለታል፣ ደረሰኝ ይቆርጥለታል። አክስቴ ሁለት ክንድ ርቃ ተቀምጣ ታያለች። ከሰልፉ ውስጥ እናቴ ነበረች።

«እህቴ ገንዘቧን ስትሰጥ አየሁ» አለችኝ አንድ ቀን። «እሱ ወስዶ ኪሱ ሲከትም አየሁ። አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ምግብ አልበላልኝም እንጂ፣ ወጥቼ የጮህኩት ነገር የለም።»

በዚሁ መሀል፣ መስመሩ በተቆረጠ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የክር ፋብሪካው ተዘጋ። ባለቤቱ የሠራተኛውን የአገልግሎት ክፍያ ሳይሰጥ በሩን በሰንሰለት ቆለፈ።

በሃያኛው ቀን መስመሩ ተጠገነ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት አለ። አክስቴ ያለፉትን ቀኖችስ ብላ ጠየቀች፣ አንድ በአንድ ነገሯት። በእርሳስ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሃያ፣ ከአምስተኛው ጀምሮ ሃያ ሁለት ነው። ከዚያ ማዶ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ይቺን አሥራ አራት ከየት ነበር የምታመጣት?»

«ካንቺ ነዋ።»

«እኔ እኮ ካንተ ነው የምወስደው።»

እሱም የራሱን ጉድ አወጣ። ለካ የነሱም መስመር በዚያው ጎርፍ ተቆርጧል። የሱም አለቃ ለነዚያ እንዳትናገር፣ ይስቁብናል ብሎታል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንዲት የሞተች ቁጥር በድልድዩ ላይ ሲቀባበሉ ነው የከረሙት።

«እህቴ» አላት በመጨረሻ፣ «ይሄን ነገር እኔ ካንቺ አልሰማሁም፣ አንቺም ከኔ አልሰማሽም።» ዘጋው።

ጋሼ ሽቶ ሲነገረው ሳቀ። ወረቀቷን ቅደጂ አላት። ሁለት አገር አንድ ቁጥር ከጻፈ ውሸት ሊባል አይችልም፣ ማንም ይምጣ ማን መዝገቦቹ ይስማማሉ፣ አርፈሽ ተቀመጪ አላት። አክስቴ አረፈች። ወረቀቷን ግን አልቀደደችም፣ ቤቷ ወስዳ ልብሷ ሥር ከተተችው።

ሠራተኞቹ ፋብሪካውን ከሰሱ። ክሱ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚህ መሀል ዘጠኙ ሞቱ። አክስቴም ጡረታ ወጣች፣ ዓይኗም ደከመ። በመጨረሻ ፋብሪካው ይክፈል ተባለ። ክፍያው በኛ ገንዘብ ይሁን፣ ተመኑም ፋብሪካው በተዘጋበት ቀን በድልድዩ በሁለቱም ወገን ባሉት ባንኮች የተጻፈው ይሁን ተባለ። ይህን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። የዋናው መሥሪያ ቤት የዚያ ዘመን መዝገብ ምድር ቤት ውስጥ ውሃ ገብቶበት፣ ሻግቶ፣ ትል አፍርቶ በአካፋ ተዝቆ ተጥሏል። የቀሩት የድልድዩ ሁለት መዝገቦች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም አሥራ አራት ነው የሚሉት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ሆነ ብትሉ ጋሼ ሽቶ። ባንክ ያውቃል፣ የተከበረ ሽማግሌ ነው ተብሎ።

እናቴ የሚገባት ሺ ስምንት መቶ የማዶ ገንዘብ ነበር። የምንኖርባትን ሁለት ክፍል አከራያችን ሊሸጣት ነው። በሠላሳ ስድስት ሺ ከገዛሽኝ ላንቺ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልገዛሽኝ ግን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ ብሏታል። በሃያ ሁለት ቢሰላ እናቴ ሠላሳ ዘጠኝ ሺ ስድስት መቶ ታገኛለች። በአሥራ አራት ከሆነ ሃያ አምስት ሺ ሁለት መቶ ነው፣ ያኔ ዕቃችንን ይዘን መውጣት ነው። ማበደር የሚችል ዘመድ የለንም፣ ቢኖርም እናቴ አፍ አውጥታ አትጠይቅም።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ለሦስት ቀን አልመጣችም። በአራተኛው ቀን መጥታ እናቴ ፊት ቆመችና የአሥራ ዘጠኙን ቀን ነገር ከፖስታው ጭምር ዘረገፈችው። እኔም ሰማሁ። እናቴ የምትፈትለውን ክር አስቀመጠች።

«እታለም፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይሄን በሆድሽ ይዘሽ እኔ ቤት ትበዪ ነበር?»

እናቴ ለአክስቴ ቀድታላት የነበረውን ሻይ አንስታ ደፋችው። አክስቴም እኔን ይዛኝ ሄደች። ዓይኗ ስለማያሳያት የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋት ነበር።

ኮሚቴው የተቀመጠው ከባንኩ በላይ ባለች ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ አለ፣ መስኮቱ አይከፈትም። ጋሼ ሽቶ ጸጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ቀለሙ በላቡ ቀልጦ ወደ ጆሮው ወርዷል። በቀኙ የፋብሪካው ጠበቃ፣ በግራው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱ ሰዎች እሱ ራሱን ሲነቀንቅ አብረው ይነቀንቃሉ። ገና በሩን ስከፍት ሽቶው አፍንጫዬን መታው።

አክስቴ ቆማ ተናገረች። መስመሩ ስለተቆረጠበት ቀን፣ ስለማዶው ሰው፣ አሥራ አራት እንዴት ሲቀባበሉት እንደከረሙ። ወረቀቷን እኔ አነበብኩ። ሰው ፊት ማንበብ አልለመድኩም።

ጠበቃው መዝገቡን አዞረላት። ይሄ የማን ፊርማ ነው አላት። የኔ ነው አለች። ምን ይላል አላት። ትክክል ነው ይላል አለች። ታዲያ ያኔ ነው የዋሹት ወይስ አሁን ብሎ ጠየቃት። ሁለቱ ሰዎች ተነቃነቁ። የማዶው ጸሐፊም ተጠይቆ መዝገቤ ልክ ነው ብሎ በጽሑፍ መልሷል አሉና ደብዳቤውን አሳዩን። አክስቴ ደብዳቤውን በእጇ ዳሰሰችው፣ ማንበብ አትችልም። መልሳ ስታስቀምጠው ጣቷን ከቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ጋሼ ሽቶ ያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው። እትዬ አርጅተዋል፣ እህታቸውም ከተከፋዮቹ አንዷ ስለሆነች እንረዳቸዋለን፣ ሰው ለወገኑ መቆርቆሩ ነውር አይደለም አለ። በሐዘኔታ ነው የተናገረው። ያቺ ምላሱ ፕላስቲክ አበባው ላይ ልታስመልሰኝ ደርሳ ነበር።

«የመስኮቱ ደረሰኝ ጉርዶችስ?» አለች አክስቴ። «ከመዝገቡ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ነው ያስቀመጥኳቸው። የአሥራ ዘጠኙ ቀን ይምጡና ማን ምን ያህል እንደገዛ ይነበብ። ይቺ ልጅ ታነባለች።»

የሚነቀንቅ ጠፋ። ጋሼ ሽቶ ሰዓቱን አየና አምስት ደቂቃ እንረፍ አለ። አክስቴን ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት፣ እኔም ተከተልኩ። ሂጂ አለኝ። ዓይኔ ናት አለችው አክስቴ፣ ትቆይ።

ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ በዚያው ነው፣ በሩ አይገጥምም። እዚያ ሽታ ውስጥ ቆሞ ነው ጉዳዩን የነገራት። ጉርዶቹ ቢመጡ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ሌላ አሥር ዓመት ነው አላት። በአሥር ዓመት ውስጥ ከሃምሳ አራቱ ስንቱ ይተርፋል፣ እህትሽስ ወሩ ሳያልቅ የት ልትወድቅ ነው አላት። ቤቱን ሁሉ አጣርቶ ያውቃል።

«ሃያ ሁለት አደርገዋለሁ» አላት። «ዛሬውኑ። ጠበቃው ይጮሃል፣ ድምፅ ግን እኛ ሦስት ነን። አንቺም አንድ ነገር ትፈርሚያለሽ። ስህተቱ የተመን ጸሐፊዋ ነው፣ ሳታጣራ ጻፈች፣ ለአለቃዋም አላሳወቀችም። ሌላ ስም አይነሣም።»

«አሳውቄህ ነበር።»

«አላሳወቅሽኝም፣ የኔ እመቤት። ጡረታሽን ማንም አይነካውም። ስም ብቻ ነው እኮ።»

ሃያ ስምንት ዓመት አንቱ ስትለው ነው የኖረችው፣ አንተ ስትለው ያን ቀን ሰማኋት። እጁ ትከሻዋ ላይ ነበር። እሷ አላነሣችውም። እኔ እጁን ገፍቼ ልጥል ስል ተይ አለችኝ።

ገብታ ፈረመች። እኔ ብዕሩን የት እንደምታሳርፍ ጣቷን ይዤ መራኋት። እስካሁን ያ ጣቴ ደስ አይለኝም።

ለእናቴ ስነግራት ተነሥታ ነጠላ ጫማዋን አደረገች። ፋብሪካ አብረዋት የሠሩትን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞረች እውነቱን ልትነግር። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ያዘቻት። አንድ ሰው ከሰማ ሁሉም ይሰማል፣ ሰማሁ ያለ ሰው ይከሳል፣ ከተከሰሰ ክፍያው ይቆማል፣ አለቻት። ገንዘቡን ሁሉም ቆጥሮ ኪሱ እስኪከት ድረስ አፍሽን ዝጊ። እናቴ ተቀመጠች። ጫማዋን ግን ሳታወልቅ ዋለች።

ክፍያው የተደረገው በባንኩ አዳራሽ ነው። ኮሚቴው ስህተቱን የሠራችው ሰው እያንዳንዱ ክፍያ ላይ «እርማቱን አምናለሁ» ብላ ትፈርም ብሎ ወሰነ። አክስቴን ከገንዘብ ያዡ ጎን አስቀመጧት። አሁን ያለው ገንዘብ ያዥ ወጣት ነው፣ እሱም ይልሳል። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ በተመን ጸሐፊዋ ጥፋት ምክንያት ተፈጥሮ የነበረው ስህተት ተስተካክሏል ይላል። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እያነበበለት ሰልፉ ሁሉ ሰማ።

ሃምሳ አራቱም፣ የሟቾቹም ልጆች ተራ በተራ መጡ። ሰላም ያላት የለም። አንድ ሽማግሌ ሲፈርም ብዕሩን ከእጇ ላለመቀበል ከኪሱ የራሱን አወጣ። አንዱ ጉርሻዬን ስትጎርሺ ኖርሽ ብሏት አለፈ። እናቴ ተራዋ ሲደርስ ገንዘቧን ወሰደች። አክስቴ ፊት ቆማ አፏን ልትከፍት ስትል፣ አክስቴ በዓይኗ ሂጂ አለቻት። ሄደች። ያኔ አክስቴ አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ ዞር ብላ እንዳላየች እመሰክራለሁ። ሰው አክስቴን የሚያደርጋትን ብታይ ኖሮ ትጮህ ነበር።

የመጨረሻዋ ከእናቴ ጎን አንድ ማሽን ላይ የሠራችው ሴት ናት። ባሏ የሞተባት፣ እጇ በሪህ የተቆለመመ። ገንዘቡን ተቀብላ እዚያው ቆመች።

«ለካ አንቺ ነሽ ስትበይን የኖርሽው» አለች። «የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ያጣሁት ባንቺ ነው። እህትሽ ጎን ቁጭ ብዬ ስንት ቀን ነው ስላንቺ ደግነት ያወራሁት። ታስጠዪኛለሽ።» መሬቱ ላይ ምራቋን ተፋች፣ አክስቴ ጫማ አጠገብ።

ጋሼ ሽቶ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አክስቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«ቁጠሪው» አለቻት ሴትዮዋን። «ከመውጣትሽ በፊት እዚሁ ቁጠሪው። ገንዘብ ያዡ ልጅ ይሳሳታል።»

ሴትዮዋ በተቆለመመው ጣቷ ረጅም ጊዜ ወስዳ ቆጠረች። አንድ ቦታ ጠፋባትና እንደገና ጀመረች። ማንም አልረዳትም፣ እሷም እርዱኝ አላለችም።

«ልክ ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ጡቷ ሥር ወሸቀችውና ወጣች።

አክስቴ የሴትዮዋ ስም ያለበት መስመር ላይ ልትፈርም ጣቷን እንዳሳርፍላት እጇን ሰጠችኝ።